የታክሲው አድማ፣ በራሪው ወረቀትና «ባንዳ» የምትለው ቃል

ስለ 66ቱ አብዮት ሲወራ ተማሪውና ወታደሩ ይነሳሉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ግን ቤንዚን ተወደደብን ብለው መኪና ያቆሙት የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ናቸው፤ መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ለሙያዬ ሳላዳላ ነው የምናገረው!

በዚያው ዓመት ክረምት በድብቅ የሚባዙ ሁለት ወረቀቶች ወጡ፤ «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»። ጸሐፊው ስሙን አያሰፍርም፣ አንባቢው በጉያው ይዞ ለጓደኛው ያሻግራል። በኋላ አንደኛው የኢሕአፓ፣ ሌላኛው የመኢሶን ልሳን መሆናቸው ታወቀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ሁለቱም መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር መሆኑ ነው፦ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት። ቆይቶ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እሰጣለሁ አለ። ኢሕአፓ «ባንዳ» ሲለው እሱም «አናርኪስት» ብሎ መለሰ። ሰውን ባንዳ ካልከው በኋላ ምን ክርክር ይቀራል? ከወረቀቱ ወደ ጥይት ተሄደ። ቀይ ሽብር ኢሕአፓን ፈጀ፤ ነሐሴ 1969 መኢሶንም ኅቡዕ ገባ፣ ተራው ደረሰው። የተረፈው ደርግ ነበር።

ዛሬ ዳላስ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ወረቀቱ በቴሌግራም ይደርሰናል። ማባዣው ተቀየረ እንጂ «ባንዳ» ያው ናት። እስቲ ከማስተላለፋችን በፊት የሌላውን ወገን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እናንብብ፤ የምንስማማበትን አንድ ነገርም እንፈልግ። እነዚያ ልጆች አንድ ነገር ነበራቸው፤ አልበቃቸውም።

መልካም ሥራ፣ መንገዱን ሰላም ያድርግልን።