የሚያስተምረውን ሳይሰሙ ትምህርትን ስለ ማስተዳደር

በቅኔ ቤት ሥርዓት ተማሪው በዱር ተቀምጦ ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም በገዛ ጆሮው ሰምቶ ያርመዋል። በመካከላቸው ወሬ አቀባይ የለም። ተማሪው ጉባኤ ቃና መሙላት ያቃተው እንደ ሆነ መምህሩ በዚያው ቀን ያውቀዋል፤ መምህሩም ማስተማር ያቃተው እንደ ሆነ ተማሪዎቹ አኵፋዳቸውን አንሥተው ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳሉና የተፈታው ጉባኤ ራሱ ይፈርድበታል። ይህ ሥርዓት ነውር የለበትም አንልም፤ አለንጋው የበዛበት፥ ሴቶች ልጆችም እምብዛም ያልገቡበት ነበረ። ነገር ግን አለቃው የደቀ መዝሙሩን ዕውቀት ራሱ መስማቱ ታላቅ ነገር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችንን ታሪክ ለመረመረ ሰው ብዙ ጊዜ የጐደለው ይኸው መስማት ሆኖ ይገኛል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ባቆሙ ጊዜ ካህናቱ የውጭ አገር መምህራን ሃይማኖትን ያፋልሳሉ ብለው ሠግተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም የካህናቱን ሥጋት አልናቁም፥ ትምህርቱንም አልተዉም፤ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ልጆች የሆኑ መምህራንን ከግብፅ አስመጡ። በዚህም የውጭው ቋንቋና ሒሳቡ ወደ አገራችን ገባ፥ የሠጋውም ልብ ዐረፈ። ሥጋት ያለውን ሰምቶ ሥራን ማቅናት ማለት ይህ ነው።

ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን የዚህ ተቃራኒ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው በሚባል ስም የታወቀው የትምህርት ምርመራ ተደረገ፤ ከአገር ውስጥና ከውጭ የተሰበሰቡ ሊቃውንትም በየክፍሉ ተመድበው መረመሩ። ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በከተማ ተከማችቶ ባላገሩ ተረስቶ ነበረና፥ ብዙው ሕፃን ከትምህርት ቤት ደጅ ሳይደርስ ያድግ ነበር። ስለዚህ ለሁሉ የሚዳረስ የ4 ዓመት ትምህርት እንዲሰጥ፥ ዕድሜው ላለፈበት ወጣትና ለአዋቂም የ2 ዓመት ትምህርት እንዲዘጋጅ መከሩ።

ምክሩ ግን በዝግ ቤት ተመከረ። ጽሕፈቱ በዚያው ዓመት ክረምት ከተፈጸመ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከሕዝብ ተሰውሮ ቈየ። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር የነገሩ ባለቤት ሳለ እንደ ባለቤት አልተጠየቀም። የተሰወረ ነገር ደግሞ ወሬ ይወልዳልና፥ ወላጆች የድኻ ልጅ ከ4ኛ ክፍል እንዲቀር ተፈረደበት ብለው ተረዱት፤ መምህራኑም በማይበቃ ደመወዝ ላይ ሌላ ሸክም ሊጫንብን ነው አሉ። በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎች ስለ ቤንዚን ዋጋ አደሙ፤ ተማሪውም ተነሣ። መንግሥቱ ዕቅዱን አቈይቼዋለሁ ቢልም ጊዜው አልፎ ነበር፤ በዚያው ወርም የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከሥልጣን ወረደ።

የዚያ ዓመት መናወጥ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የወሎ ረኀብም የወታደሩም ብሶት አለበትና ሁሉን በአንድ ጽሕፈት ማላከክ አይገባም። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ክፉው አመካከር መልካሙን አሳብ ይዞት መውደቁ ነው። ያ የ4 ዓመት ትምህርት የታሰበለት የባላገር ሕፃን እንደ ገና ሌላ ዘመን ጠበቀ።

ይህን ያለፈ ነገር የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዞ ነበር። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥበቃ ቢፈተኑ፥ ከ896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ያህል ነው። ከ2,959 ትምህርት ቤቶችም በ1,161ዱ አንድ ተማሪ እንኳ አላለፈም። ጦርነቱና ወረርሽኙ የየድርሻቸውን ያህል ጐድተዋል። ነገር ግን አንድ ልጅ ቢወድቅ ስንፍናውን እንጠይቃለን፤ ትምህርት ቤቱ በሞላው ቢወድቅ ማንን እንጠይቅ? ያ ልጅ ከ12ኛ ክፍል የደረሰው ከዓመት ወደ ዓመት አልፈሃል እየተባለ ነው። አልፈሃል ያለው መምህር፥ ቍጥሩን የተቀበለ ርእሰ መምህር፥ ቍጥሩን ሰብስቦ ወደ ላይ የሰደደ የወረዳ ሹም፥ ከበላዩም ያለው ሁሉ ልጁ ሲያነብ ሰምተውት ነበርን? መምህሩስ መጽሐፍ የለኝም፥ ክፍሌ ጠቦኛል ባለ ጊዜ ማን ሰማው?

ስለዚህ የትምህርት ሹም የወረቀት ቍጥር ብቻ አይመን፤ ከክፍል ገብቶ ልጁን ያስነብበው። ደንብ ከማውጣቱም በፊት መምህሩን ይጠይቅ። እናንተም ክቡራን ካህናትና የከተማ ሽማግሎች፥ በየአጥቢያችሁ ያለውን ትምህርት ቤት ለሹም ብቻ አትተዉት፤ የልጆቻችሁን ንባብ በገዛ ጆሯችሁ ስሙ። ልጁ ማንበብ አለመቻሉን በ2ኛ ክፍል የሰማ አባት መድኃኒት ይፈልግለታል፤ በ12ኛ ክፍል የሰማው ግን ከልጁ ጋራ ከማልቀስ በቀር የሚያደርገው ጥቂት ነው። እግዚአብሔር ለሹማምንቱ የሚሰማ ጆሮ፥ ለልጆቻችን ማስተዋልን ይስጥልን።