የዱር ቅጠል በገዳምና በክፉ ቀን



በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በአጥር ሥርና በበረት አጠገብ ሳማ ይበቅላል። የነካውን የሚለበልበው ይህ ቅጠል በኢትዮጵያ ታሪክ ሁለት መልክ አለው፤ በገዳም ክብር፣ በመንደር ግን ነውር ሆኖ ኖሯል።

የገዳሙ ታሪክ የታወቀ ነው። በዋልድባ መነኰሳት እህል አይቀምሱም፤ ቋርፍ በተባለው ምግብ ይኖራሉ። በየበረሃውም ባሕታውያን ቅጠልና ሥራ ሥር እየተመገቡ በጸሎት ጸንተዋል። እነርሱ የዱር ቅጠልን የመረጡት እህል ጠፍቶባቸው ሳይሆን ፈቅደው ስለ ተዉት ነው።

ሕዝቡ ግን ሳይመርጥ የበላበት ጊዜ አለ። በ1880 ዓ.ም. ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ። የእርሻ በሬ አለቀ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ በእጃቸው መቆፈሪያ ይዘው አርአያ ሆኑ። ምርቱ እስኪደርስ ግን ብዙ ሰው ነፍሱን ያቆየው በቅጠልና በሥራ ሥር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅም ይኸው ተደገመ። ስለዚህ ሳማ መብላት የድህነት ምልክት ሆነ፤ የበላም ለልጁ ሳይነግር አለፈ።

ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፣ በጌልገላ በራብ ወራት ከነቢያት ልጆች አንዱ የማያውቀውን የዱር ቅል ለቅሞ በምንቸቱ ጨመረ፤ የቀመሱትም ሞት እንዳለበት ጮኹ። ኤልሳዕ ዱቄት ጨምሮ ምግቡን ፈወሰው። የዱር ተክል ከመልቀም በፊት ዕውቀት እንደሚያስፈልግ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ያ ዕውቀት በእናቶች እጅ ነበረ። ሳማ ሳያብብ፣ ለጋ ጫፉ ብቻ፣ በጨርቅ ወይም በእንጨት ጉጠት ተይዞ ይቀነጠሳል። የሚለበልበው በመርፌ መሳይ ጠጕሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሲፈላ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ተደቁሶ በጥቂት የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት ይነኰራል፤ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት በእንጀራ ይቀርባል። ሙሉ የጾም ወጥ ነው።

ዛሬ ዉድበሪ የቤቶችና የመንገዶች ከተማ ብትሆንም ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሰፊ እርሻ ነበረች። በዚህ አካባቢም በወንዝ ዳርና በጫካ ጥላ የሳማ ዘመዶች በሚያዝያና በግንቦት ይበቅላሉ። አሉማም በጓሮ አትክልት መካከል በጾመ ሐዋርያት ሰሞን ለጋ ቅጠሉን ያወጣል፤ ብዙዎች ግን አረም ነው ብለው ነቅለው ይጥሉታል።

የዚሁ ምድር ነባር ሕዝብ ስለ ዱር ምግቡ አያፍርም። ኦጂብዌዎች ማኖሚን የሚሉትን የዱር ሩዝ በታንኳ ሆነው፣ በእንጨት እያረገፉ ይሰበስባሉ። የመሰብሰብ መብታቸውን እ.ኤ.አ. በ1837 በተፈረመው ውል አስጠበቁ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1999 መብቱ እንዳልተሻረ ወሰነ። ለእነርሱ የዱር ምግብ የራብ ትዝታ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት የተሟገቱለት ርስት ነው።

ጥንቃቄ ግን ግድ ነው። የአረም መድኃኒት ከተረጨበት ሣርና ከመንገድ ዳር አይለቀምም። በሚኒሶታ መንገዶች ዳር የሚታየው፣ ቢጫ አበባ ያለው የዱር ፓርስኒፕ ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። በእርግጥ የማያውቁትን ተክል ወደ ድስት መጨመር የጌልገላውን ስሕተት መድገም ነው።

የአጥቢያው ልጆች ዜማውንና ንባቡን ከመጻሕፍት ሊማሩ ይችላሉ። የሳማው ዕውቀት ግን በአያቶች ልብ ብቻ ያለ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። ልጆች ይጠይቁ፤ አያቶችም ሳያፍሩ ይንገሩ። በክፉ ቀን ነፍስ ያቆየ ቅጠል ሊመሰገንበት እንጂ ሊታፈርበት አይገባም።