የባለመያዣ የይዞታ ክስ በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ

የባለመያዣ የይዞታ ክስ ማለት፥ መሬትን ወይም ቤትን በመያዣነት ተቀብሎ ገንዘብ ያበደረ ሰው ወይም ባንክ፥ ተበዳሪው የውሉን ቃል ባፈረሰ ጊዜ፥ መያዣውን አስለቅቆ ለመረከብ በፍርድ ቤት የሚያቀርበው ክስ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ክስ ብዙውን ጊዜ የሚመሠረተው አበዳሪው በቤቱ ሊኖርበት ስለ ፈለገ ሳይሆን፥ ነዋሪው የለቀቀው ቤት በተሻለ ዋጋ ስለሚሸጥና ከሽያጩም ዕዳው ስለሚመለስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለሚመረምር ሰው እጅግ የሚያስደንቀው፥ የይዞታ መብት ለአበዳሪው የሚሰጠው ክፍያ በተጓደለ ጊዜ ሳይሆን መያዣው ከተመሠረተበት ዕለት ጀምሮ መሆኑ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 የወጣው የንብረት ሕግ፥ ባለመያዣውን መሬቱን ለ3,000 ዓመት በኪራይ እንደ ያዘ ሰው ስለሚቈጥረው፥ ዳኛ ሃርማን በ1957 በሰጡት ፍርድ እንደ ገለጹት፥ የሚከለክለው ቃል በውሉ ውስጥ ካልተገኘ በቀር ቤቱን ለመያዝ የተበዳሪውን ጥፋት መጠበቅ አያስፈልገውም። ሆኖም ከጥብቁ ሕግ ይልቅ በኅሊና ፍትሕ ይፈርድ የነበረው የጥንቱ የርትዕ ፍርድ ቤት፥ መያዣ በባሕርዩ ዋስትና እንጂ ሽያጭ አይደለም ብሎ ስላመነ፥ ተበዳሪው ዕዳውን ከፍሎ ርስቱን የሚቤዥበትን መብት ጠበቀለት፤ መሬቱን የያዘውን አበዳሪም የተቀበለውን ኪራይ ብቻ ሳይሆን በቸልተኛነቱ ሳይቀበል ያስቀረውን ጭምር እንዲተሳሰብ አስገደደው። በአገራችን በወለድ አገድ መሬት የያዘ አበዳሪ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ይበላ እንደ ነበረ የሚያውቅ አንባቢ፥ የዚህን ደንብ ክብደት ያስተውለዋል።

ርትዕ ግን የመቤዠትን መብት ጠበቀ እንጂ ነዋሪውን በቤቱ አላጸናም። በ1962 በተሰጠ ፍርድ፥ ዳኛው ከአጭር ቀጠሮ በቀር ክሱን ለማዘግየት ሥልጣን እንደሌለው ስለ ተወሰነ፥ ውዝፉን ቀስ በቀስ ለመክፈል የሚችል ሰው እንኳ ቤቱን ከመልቀቅ አይድንም ነበር። ስለ ዕዳ ማስፈጸሚያ ያጠናው የፔይን ኮሚቴ በ1969 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ፓርላማ በ1970 የፍትሕ አስተዳደር ሕግን አወጣ፤ አንቀጽ 36ም፥ ተበዳሪው በተገቢ ጊዜ ውስጥ የሚፈለግበትን ለመክፈል ይችላል ተብሎ ከታመነ፥ ዳኛው ትእዛዙን እንዲያግድ ወይም ቀኑን እንዲያራዝም ሥልጣን ሰጠው። ነገር ግን በብዙ ውሎች ውስጥ አንድ ክፍያ ከጎደለ ጠቅላላው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይከፈል የሚል ቃል ስለሚገኝ፥ የሚፈለገው ገንዘብ ሙሉው ብድር ነው ከተባለ ይህ ምሕረት ባዶ ይሆን ነበርና፥ በ1973 የወጣው ሕግ የሚታሰበው የተወዘፈው ክፍያ ብቻ መሆኑን ደነገገ። የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1995 ኖርጋን በሚባለው ጉዳይ፥ ተገቢው ጊዜ ሲመዘን መነሻው የብድሩ ቀሪ ዘመን በሙሉ መሆን አለበት አለ። በዚህ ዘርፍ ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ ለነዋሪው ይበልጥ የጠቀመው ይህ ነው።

ከ2001 ጀምሮ በሚሠራበት ሥርዓት፥ ችሎቱ እንደ ደንቡ ክሱ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ፥ ከ8 ሳምንትም ሳይዘገይ ይቀመጣል። ከሳሹ ውዝፉን፥ የወለዱን ልክና የክፍያውን ታሪክ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ተከሳሹም ገቢውንና ወጪውን ያስረዳል። ዳኛው ከሚሰጣቸው ትእዛዞች ዋናው የታገደ ትእዛዝ ሲሆን፥ ተበዳሪው የወሩን ክፍያ ከውዝፉ ጥቂት ጨምሮ እስከ ከፈለ ድረስ ከቤቱ አይነሣም።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ግን ክስ ሲኖር ብቻ የሚሠራ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ ባንኩ ማንም የማይኖርበትን ቤት ያለ ክስ በሰላም ከያዘ አንቀጽ 36 ለባለቤቱ እንደማይደርስለት ፈረደ፤ በ1977 የወጣው የወንጀል ሕግም በግዴታ መግባትን የሚከለክለው በውስጡ የሚቃወም ሰው ሲኖር ነው። የድኃውን ቤት መጠበቅ በአበዳሪው ምርጫ ላይ መንጠልጠሉ ፍትሕ አይደለም፤ ፓርላማም አንቀጽ 36ን ከፍርድ ቤት ውጭ ለሚፈጸም ይዞታ ጭምር እንዲያገለግል ሊያሰፋው ይገባል።