የትውልድ ሐረግና የወረቀት ምስክርነት በሰሜን ሸዋ ደጋ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ዘር መቁጠር የሽማግሌዎች ጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ አልነበረም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። የርስት መብት የተመሠረተው አገሩን መጀመሪያ አቅንቷል ከሚባለው አባት በመወለድ ላይ ስለ ነበር፣ ድርሻ የሚጠይቅ ገበሬ ከራሱ ተነሥቶ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ያለውን ሐረግ በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት። የመንዝ ሦስት ክፍሎች፣ ማማ፣ ላሎና ጌራ፣ ስማቸውን ያገኙት ከሦስት አቅኚ አባቶች እንደ ሆነ የአካባቢው አፈ ታሪክ ይናገራል። መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለ ነበር፣ የሴት አያቶች ስምም አብሮ ይቆጠር ነበር።

ሙግቱ ከቃል ምስክርነት ሌላ ብዙ ወረቀትም አስገኝቷል። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ኑዛዜና ውል በየቤቱ በጨርቅ ተጠቅልለው በሣጥን ይቀመጡ ነበር። በየደብሩም ስጦታና ውል በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይሰፍሩ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ሲያካትት፣ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙት ከነዚሁ መካከል ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የርስት ሙግት አበቃ። ወንድምን ከወንድም ሲያካስስ፣ የገበሬውን ጥሪትና ጊዜ ሲበላ የኖረ ሙግት በመቅረቱ ማንም ሊያዝን አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ ሐረጉን በቃል እንዲያዝ ያስገድድ የነበረው መሬቱ ነበርና፣ ምክንያቱ ሲቀር ትዝታውም ጠባቂ አጣ። አያቱ በጥንቃቄ ያኖሩት ደረሰኝ ለልጅ ልጁ ዋጋ የሌለው ብጫቂ ወረቀት መስሎ ታየ።

ዛሬ ይህን ወረቀት ለታሪክ ሲል የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ጽሑፉ ለማን ጥቅም ተጻፈ? በችሎት የተቆጠረ ሐረግ ለመርታት የተቆጠረ ነው። ተሟጋች የማይጠቅመውን ቅርንጫፍ ሊቆርጥ፣ የሚጠቅመውን ሊቀጥል ይችላል። ደብዳቤ ግን «ይድረስ ከ» ብሎ ጀምሮ የጤና ሰላምታውን ሲያደርስ፣ እግረ መንገዱን እነማን በሕይወት እንዳሉ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ሞተ ይናገራል። ስለ ርስት ሳያስብ የጻፈው ሰው ስለ ቤተ ዘመዱ የበለጠ የታመነ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስምና ዘመንም ጥንቃቄ ይሻሉ። በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ሰው በክርስትና ስሙ ሲጠራ፣ በመንደር በዓለማዊ ስሙ፣ በዘመቻ ደግሞ በፈረስ ስሙ ይታወቅ ስለ ነበር፣ ሦስት ሰዎች የሚመስሉት አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረት ሳይጠቅስ «በዘመነ ሉቃስ» ብቻ የሚል ደብዳቤ በየአራት ዓመቱ ከሚመላለሱት ዘመናት አንዱን ነው የሚያመለክተው፤ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በውስጡ ከተጠቀሰው ሹም ወይም ዘመቻ ነው።

የዚህ ሥራ ክብደት በዘረት ዋሻ ታሪክ ጎልቶ ይታያል። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በመንዝ አካባቢ «አመፀኛ ዋሻ» በሚባለው ሥፍራ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ቤተሰቦችን በመርዝ ጋዝ ካጠቃ በኋላ፣ እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች ረሸነ። ጣልያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በአገሩ የጦር መዛግብት ያገኛቸውን ሰነዶች ይዞ በ1998 ዓ.ም. ወደ ሥፍራው በመጣ ጊዜ፣ ነገሩ ለውጭው ዓለም እንጂ ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ አልነበረም። የወራሪው ሰነድ ሟቾቹን በቁጥር ይዘግባል። የማን አባት፣ የማን እናት፣ የየትኛው መንደር ልጅ እንደ ነበሩ ለመለየት ግን ቤት ቆጥረው የሚያውቁ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ በየወረዳው ያለ መምህርና የባህል ሠራተኛ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ግልጽ ነው። ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ከባለቤቱ ሳይነጥቁ መቅዳት፣ ከየት እንደ ተገኘና ማን እንዳኖረው መመዝገብ፣ ቀጥሎም አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን ስለ ስሞቹ መጠየቅ ነው። ወረቀቱ ጥቂት ሊቆይ ይችላል፤ ስሞቹን የሚያብራሩት ሰዎች ግን ብዙ ዘመን አይቆዩምና፣ ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለእነሱ ነው።