ዝርግ የሸክላ ሥራ

ዝርግ የሸክላ ሥራ ጭቃን በእኩል ውፍረት ዘርግቶ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ቆርጦና አጋጥሞ ዕቃ የማበጀት ዘዴ ነው። በአዲስ አበባ ቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪ ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ ከሚሠሯቸው ዕቃዎች ለዚህ ዘዴ እጅግ የሚቀርበው ምጣድ ነው። ጀበናንና እንስራን ክብነታቸው ይደግፋቸዋል፤ ምጣድ ግን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠፍጣፋ ገጽ ስለሆነ ጥቂት ቢጎብጥ እንኳ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» እያለ ለዘመናት ያገለለው ኅብረተሰብ የዕለት እንጀራውን ሲጋግር የኖረው በዚህ ከባድ ሙያ ላይ ተደግፎ ነው።

የዝርግ ሸክላ ዋነኛው ፈተና ያለው ከእሳቱ በፊት፣ በአዘረጋጉና በአደራረቁ ላይ ነው። እርጥብ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ በምጣድ ስፋት ሲሰላ ይህ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠርዙና የላይኛው ገጹ ነፋስ ስለሚያገኛቸው ቀድመው ይደርቃሉ፤ መሐሉና ታቹ ገና እርጥብ ናቸው። ሁለቱ ሲጓተቱ ዝርጉ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ጠርዙ ይነሣል። ሁለት ዝርጎች ሲጋጠሙም እርጥበታቸው ካልተመጣጠነ መጋጠሚያው ይላቀቃል። የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ከጭቃው ጋር የሚለወሰው ለዚህ ነው፤ ቅንጣቱ ራሱ ስለማይኮማተር መኮማተሩን ይቀንሳል፣ ለውሃውም መውጫ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ማድረቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይህ ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ምጣድ ሲተኮስ ስለሚሰበር ጥፋቱ የእሳቱ ነው፤ በሜዳ ከሚነድ እሳት ይልቅ እቶን ቢኖር ችግሩ ያበቃል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። በጭቃው ውስጥ የቀረ ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳል፤ በአሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝም 573 ዲግሪ ላይ መጠኑ በድንገት ይለወጣል። በሜዳ እሳት የዕቃው አንዱ ጎን ይህን ሙቀት ሲያልፍ ሌላው ገና ላይደርስ ይችላል፤ እቶን ይህን ያስተካክላል። ሆኖም ሲደርቅ የጎበጠውን አያቃናም፣ የተሰነጠቀውንም አይገጥምም። ከዚህም በላይ በከፍተኛ ሙቀት የጠጠረ ሸክላ ለምጣድ አይመችም፤ በየጊዜው መጋልና መቀዝቀዝን የሚችለው ሻካራና ቀዳዳማ አካል ነው፤ ገጹንም በጎመን ዘር እያሹ ያሟሹታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላ ችግር ጨምሯል፦ ለሽቦው ቦይ ሲቀረጽ ውፍረቱ ይዛባል፤ ቀጭኑም ቦታ ለስንጥቅ ይጋለጣል።