አምስት ኮከብ የተሰጠው ልጅ

«የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል» ይባላል። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ላለፉት 60 ዓመታት ይህንኑ አምኖ፣ ጢም ያላበቀሉ ልጆችን ሲመዝን፣ ደረጃ ሲያወጣላቸውና ሲሻማባቸው ኖሯል። አንዳንዴ ተሳክቶለታል። ሲሳሳት ግን ዕዳውን የከፈለው መልማዩ ሳይሆን ልጁ ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሲጀመር የጥቂት ሰዎች ሥራ ነበር። ሃዋርድ ጋርፊንክል የሚባል የኒውዮርክ ሰው በ1960ዎቹ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጨዋታ እየዞረ ያይና ያየውን ጽፎ ለዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች በደንበኝነት ይሸጥ ነበር። ቪዲዮ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ የሰሜን ካሮላይና አሰልጣኝ ብሩክሊን ውስጥ ስላለ ልጅ ለማወቅ ወይ ራሱ መሄድ አለበት፣ ወይ የሌላ ሰው ቃል ማመን። ጋርፊንክል የሸጠው ያንን ቃል ነው። በ1966 ደግሞ ከዊል ክላይን ጋር «ፋይቭ ስታር» የተባለውን የዕረፍት ወቅት ካምፕ አቋቋመ። ዛሬ በየሚዲያው «አምስት ኮከብ» እየተባለ ለታዳጊዎች የሚሰጠው ደረጃ ከእነዚያ ዓመታት የወረደ ነው።

ከካምፑ ታሪኮች ሁሉ በብዛት የሚነሳው የ1980ው ነው። የ17 ዓመቱ ማይክል ጆርዳን ከዊልሚንግተን፣ ሰሜን ካሮላይና መጣ። ከክልሉ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ካምፑን ሲጨርስ ግን የማያወራለት አሰልጣኝ አልነበረም። ያም ሆኖ «ስትሪት ኤንድ ስሚዝ» የተባለው መጽሔት በዚያ ዓመት ባወጣው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ የጆርዳን ስም የለም። የዓለምን ቅርጫት ኳስ የሚቀይረው ልጅ ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ።

ገንዘቡን ወደዚህ ዓለም ያስገባው ሶኒ ቫካሮ ነው። በ1965 ፒትስበርግ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ኮከቦችን ከየክልሉ ሰብስቦ ማጫወት ጀምሮ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ናይኪ ገባና ለዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ገንዘብና ጫማ እየተሰጠ ተጫዋቾቻቸው የናይኪን ጫማ እንዲያደርጉ አደረገ። በ1984 ናይኪ ጆርዳንን አስፈረመ፤ በዚያው ዓመት ቫካሮ «ኤቢሲዲ» የተባለውን የታዳጊዎች ካምፕ ከፈተ። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ቀጣዩን ጆርዳን ሌላው ሳያየው በ15 እና በ16 ዓመቱ ማግኘት። ቆይቶ ቫካሮ ወደ አዲዳስ ሲሻገር ሁለቱ ኩባንያዎች በታዳጊ ቡድኖች፣ በአሰልጣኞቻቸውና በካምፖቻቸው ይፎካከሩ ጀመር። ልጁ «አማተር» ስለሆነ ሳንቲም መቀበል አይፈቀድለትም ነበር። በዙሪያው ያለው ሰው ግን ከእሱ ይበላ ነበር።

በሐምሌ 2001 ቲኔክ፣ ኒውጀርሲ የሆነው ነገሩን ሁሉ ያሳያል። ሌኒ ኩክ የሚባል የብሩክሊን ልጅ በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ ታዳጊዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በኤቢሲዲ ካምፕ የገጠመው በትምህርት አንድ ክፍል የሚያንሰውን የአክረኑን ሌብሮን ጄምስን ነው። ሌብሮን 24 ነጥብ፣ ኩክ 9 አስቆጠሩ፤ ጨዋታውን የጨረሰውም የሌብሮን የመጨረሻ ሰከንድ ሦስት ነጥብ ነበር። ሌብሮን በ2003 የኤንቢኤ ድራፍት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ኩክ በ2002 ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ለድራፍት ራሱን አቀረበ፤ በሁለቱም ዙር ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ የሚመለስበት በርም ተዘግቶ ነበር። በአነስተኛ ሊጎችና በፊሊፒንስ ተጫወተ፤ በ2004 መጨረሻ የደረሰበት የመኪና አደጋ ሕይወቱን ሊያሳጣው ምንም አልቀረውም ነበር።

በዚያ ጨዋታ ቀን ኩክ 19 ዓመቱ፣ ሌብሮን 16 ዓመቱ ነበር። የታዳጊ ምልመላ ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ያደገ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሲቆም የአካሉ ብልጫ ተሰጥኦ ይመስላል። ዘግይቶ የሚያድገውን ደግሞ የሚያየው የለም። አንቶኒ ዴቪስ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ቁመቱ በድንገት እስኪመዘዝ ድረስ ብዙም የሚፈልገው አልነበረም፤ በ2012 የድራፍቱ አንደኛ ሆነ። ቀጭኑን ስቴፈን ኩሪን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትተውት ትንሹ ዴቪድሰን ወሰደው። ኒኮላ ዮኪች በ2014 የተመረጠው 41ኛ ሆኖ ነው። ከ2019 እስከ 2024 የኤንቢኤን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የወሰዱት ሦስት ሰዎች ከግሪክ፣ ከሰርቢያና ከካሜሩን የመጡ ናቸው። በ14 ዓመታቸው የትኛውም የአሜሪካ ዝርዝር አያውቃቸውም ነበር።

ሕጉ ነገሩን ሊያርም ሞክሯል። ኤንቢኤ በ2005 በተደረሰ ስምምነት በድራፍቱ ዓመት 19 ዓመት የማይሞላው ተጫዋች እንዳይመረጥ ከለከለ። ለታዳጊዎች ቤተሰቦች በድብቅ ገንዘብ በማስተላለፍ የተከሰሱ የአዲዳስ ሰዎች በ2018 ኒውዮርክ ላይ ጥፋተኛ ተባሉ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ቢያንስ ይሉኝታው ቀርቷል። ደረጃ ማውጣቱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ገንዘቡ ሕጋዊ ሲሆን ወደ ታች፣ ወደ ትንንሾቹ ልጆች የመውረድ ግፊቱ ይጨምራል።

ምልመላን ጭራሽ ማውገዝም ፍትሕ አይደለም። በ2011 ሉክ ምባ አ ሙቴ ያውንዴ ላይ ያዘጋጀው ካምፕ ባይኖር፣ ቅርጫት ኳስ ከጀመረ ብዙም ያልቆየውን ጆኤል ኤምቢድን ማን ያየው ነበር? ድሃ ልጅ ካልታየ አይወጣም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ልጁን ያየው ሰው በግምቱ ቢሳሳት ምን ይከፍላል የሚለው ነው። እስካሁን ባለው ታሪክ መልሱ «ምንም» ነው። መልማዩ በማግስቱ አዲስ ዝርዝር ያወጣል፣ ኩባንያው ሌላ ልጅ ያስፈርማል። ኩክ ግን የዚያን በጋ ውጤት በሠላሳዎቹም ዕድሜው ሲጠየቅበት ኖሯል። እንጀራው ገና በምጣድ ላይ ሳለ የፈረደ ሁሉ፣ ባይበስል ለልጁ ሌላ ማዕድ አስቦለት ሊሆን ይገባል፤ ቢያንስ ትምህርቱን።