በትንሿ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ያለው ጆሮ

ሐኪም ስለ ሞዴል አውሮፕላን ስትጽፍ የሚገርመው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ግን የጆሮ ነገር ነው። ትራንዚስተር በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ገበያ ሲወጣ ቀድሞ የገባው መስማት ለተሳናቸው በሚሠራው ማዳመጫ ውስጥ ነበር። በሬዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሪሲቨርም ያነሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒውዮርክ ላይ በሬዲዮ የምትታዘዝ ጀልባ አሳይቷል። አውሮፕላን ግን ጀልባ አይደለም፤ ክብደት አይችልም። በ1937 በሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ፣ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች «ጋፍ» ያሏትን አውሮፕላን በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ። ጋፍ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ትገኛለች። ብዙም ሳይቆይ ሬይቴዎን ኩባንያ ለዚሁ ሥራ የምትሆን አርኬ-61 የተባለች በጋዝ የተሞላች ቱቦ አወጣ። አንዷ ቱቦ የሙሉ ሪሲቨር ሥራ ትሠራለች፤ ዕድሜዋ ግን አጭር ነበር።

ትእዛዙም ቢሆን እንዲያው የድሃ ነበር። የተጠመዘዘ ላስቲክ መሪውን በየምልክቱ አንድ እርምጃ ያዞረዋል፦ ቀኝ፣ መሐል፣ ግራ፣ መሐል። ቀጣዩ ተራ የቀኝ ይሁን የግራ ማስታወስ ያለበት መሬት ላይ የቆመው ሰውዬ ነው!

የዚህን ታሪክ ጸሐፊዎች የሚማርካቸው ማነሱ ነው። በእኔ እይታ ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ይህ ጆሮ የማንን ድምፅ ይስማ? ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1922 ያወጣው ሱፐርሪጀነሬቲቭ ስልት በጥቂት ዕቃ ብዙ ስለሚሠራ ለትንሽ አውሮፕላን ተስማሚ ሆነ። ችግሩ፣ የጎረቤቱንም ምልክት ይሰማል፤ ራሱም ይረጫል። ታዲያ አንዱ ሲያበር ሌላው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። በኋላ በኳርትዝ ክሪስታል የሚለይ ሪሲቨር መጣና ብዙዎች አብረው ማብረር ቻሉ፤ እያንዳንዱ ግን በየራሱ ቻናል። ሜዳው ላይ ሰሌዳ ይቆማል፤ የቻናሉን ቁጥር የያዘ የልብስ መቆንጠጫ ያልያዘ ሰው ማስተላለፊያውን አያበራም። አንድ ሰው ረስቶ ካበራ፣ በዚያው ቻናል አየር ላይ ያለው አውሮፕላን ባለቤቱን መስማት ያቆማል። ከታች ደግሞ ሰው አለ። ብዙ ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን በሚሽከረከር ፕሮፔለር ሰው ላይ ሲወድቅ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

በ2000ዎቹ አጋማሽ 2.4 ጊጋኸርትዝ መጣ። ሪሲቨሩ ከአንድ ማስተላለፊያ ጋር በመለያ ኮድ ይተሳሰራል፣ የሌላውን አይቀበልም። ምልክቱ ቢቋረጥ ሞተሩን እንዲያጠፋ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። በ72 ሜጋኸርትዝ አንድ ሜትር ያህል የነበረው የአንቴና ሽቦ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ አዳራሽ ውስጥ ለሚበሩት ከ1 ግራም በታች የሚመዝን ሪሲቨር ተሠራ። በ72 የሚያበር አሮጌ መሣሪያ ያለው ሰው ግን ዛሬም መቆንጠጫውን ማንሳት አለበት።